ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ፦ ልጅዎ በጀልባ ከመውጣቱ በፊት ምን ይጠይቁ?

ልጅዎ የስኪፐር ትምህርት ጀምሯል? ወይስ ማሪና ውስጥ የጀልባ ሥራ አግኝቷል? ብዙ ወላጆች ባሕር ሲባል የሚፈሩት ማዕበሉን ነው። ነገር ግን ጸጥ ባለ ባሕርም ላይ በቀላሉ የማይታይ አደጋ አለ፤ እርሱም ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ከሱቅ የምንገዛው ብዙ ዕቃ በኮንቴይነር ተጭኖ በመርከብ ይመጣል። ማዕበል ሲበረታ ኮንቴይነሮች ማሰሪያቸው እየተበጠሰ ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። በጃንዋሪ 2019 «ኤም ኤስ ሲ ዞዊ» የተባለች መርከብ በሰሜን ባሕር ላይ 342 ኮንቴይነሮች ጣለች። በኖቬምበር 30 ቀን 2020 ደግሞ «ዋን አፐስ» ከቻይና ወደ አሜሪካ ስትጓዝ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ 1,816 ኮንቴይነሮች አጣች።

ብዙዎቹ ይሰምጣሉ። ቀላል ዕቃ የያዙት ግን ውኃ እስኪሞላቸው ድረስ ይንሳፈፋሉ። ትልቁ ኮንቴይነር 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከውኃው በላይ የሚታየው ግን ጥቂቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሌሊት ዓይን አያየውም፤ ራዳርም ሊስተው ይችላል። ጀልባ በፍጥነት ከገጨው ሆዷ ይቀደዳል።

በየዕለቱ የሚያጋጥመው ግን ትንሹ ነገር ነው። የተጣለ ገመድና የዓሣ መረብ የሞተሩን መዘውር ይጠመጥመዋል። የፕላስቲክ ከረጢት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውኃ መግቢያ ይደፍናል፤ ሞተሩም ግሎ ይቆማል። በክረምት ደግሞ ጎርፍ ግንድና ቆሻሻ ከወንዝ ወደ ባሕር ያወርዳል።

ልጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ

1. ከጎርፍና ከማዕበል በኋላ፣ እንዲሁም በሌሊት፣ ፍጥነት ይቀነስ፤ አንድ ሰው ዘወትር ፊት ለፊት ይመልከት።
2. ገመድ ከተጠመጠመ አስቀድሞ ሞተሩ ይጥፋ። ሞተር እየሠራ ማንም እጁን አይስደድ፣ ውኃም ውስጥ አይግባ።
3. ጀልባዋ ከተመታች ሁሉም የነፍስ አድን ጃኬት ይልበስ፤ ውኃ መግባቱ ይታይ። አደጋ ካለ በባሕር ሬድዮ በ16ኛው መስመር ያሉበትን ቦታ ተናግረው እርዳታ ይጥሩ።
4. የሚንሳፈፍ ትልቅ ዕቃ ያየ ሰው ለሌሎች ጀልባዎች ያሳውቅ።

ከመክፈልዎ ወይም ልጅዎ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ

ጀልባውን የሚነዳው ሰው ከመርከብና ወደብ ባለሥልጣን የተሰጠ ፈቃድ አለው? ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የነፍስ አድን ጃኬት አለ? ሬድዮው ይሠራል? ጀልባዋ ኢንሹራንስ አላት? ሠራተኛ ከሆነ የደኅንነት ዕቃ ማቅረብና ሥራውን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ልጅዎ ከኪሱ እንዲገዛ አይደረግም።

መጠየቅ አያሳፍርም። በቂ መልስ ካላገኙ ገንዘብዎን ይያዙ፣ ልጅዎንም ያስቀሩ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለባሕርም ይሠራል።