ዲስኩ ሲጠረግ መዝገቡ አብሮ እንዳይጠረግ

በሐረና ደን ግርጌ በምትገኘው ደሎ መና የቡና ወቅት ሲደርስ የነጋዴው ሥራ በሚዛን ብቻ አይጠናቀቅም። ከየገበሬው የተረከበው ጀንፈል ስንት ፈረሱላ እንደሆነ፣ ለማን ቅድሚያ ክፍያ እንደተሰጠ፣ የትኛው ጭነት በየትኛው መኪና እንደወጣ መጻፍ አለበት። ይህ መዝገብ ቀደም ሲል በደብተር ይያዝ ነበር። አሁን ግን ወደ ላፕቶፕ እየገባ ነው። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ወይም በቫይረስ ሲጠቃ ደግሞ ከጠጋኙ ዘንድ የሚሰማው የተለመደ ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው።

ፎርማት ማድረግ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ሥራው በጥቂት ሰዓት ያልቃል፣ የሚከፈልበትም ብዙ አይደለም። ሆኖም ነጋዴውን ከሁለት ተቃራኒ ኪሳራዎች ፊት ያቆመዋል። አንደኛው እንዲቀመጥ የሚፈልገው መዝገብ መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው ጠፋ ብሎ ያሰበው መዝገብ ሳይጠፋ ከተሸጠው ላፕቶፕ ጋር ወደ ሌላ እጅ መግባቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ላፕቶፑ ከባለቤቱ ጋር ይቆያል ወይስ ይሸጣል?» የሚለው ነው። መልሱ የአሠራሩን መንገድ ይለውጠዋል።

የማሽኑ ዋጋና የመዝገቡ ዋጋ

በሒሳብ መዝገብ ላይ ላፕቶፕ በየዓመቱ እርጅና የሚታሰብለት ንብረት ነው። በውስጡ ያለው መዝገብ ግን በየወቅቱ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ ንብረት ዋጋ የሚለካው መልሶ ለማግኘት በሚጠይቀው ወጪ ነው። ለገበሬ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ የተጻፈው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዲስኩ ሲጠረግ ተሰብሳቢው ሒሳብ ወደ ቃል ክርክር ይለወጣል። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያለፉ ዓመታት ሰነድ ሲጠይቅም «ኮምፒዩተሩ ፎርማት ተደርጓል» የሚለው መልስ ነጋዴውን ከኃላፊነት አያድነውም።

በቅርብ ዓመታት ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለም አይቀበልም። ደንቡ የሚተገበርበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ላኪው የማሳ ነጥቦችን ከአቅራቢው መጠየቁ አይቀርም። በሐረና ደን ውስጥና ዙሪያ ያሉትን የቡና ማሳዎች እየዞሩ ነጥቡን መያዝ የብዙ ቀን እግር ጉዞ ነው። ከሮቤ ወይም ከጎባ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴ አምባ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና መውረድን ይጨምራል። ይህን ሁሉ የያዘው ፋይል ግን በአንዲት ፍላሽ ላይ የሚገለበጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የተቀደደ መዝገብና ያልወጣ ጆንያ

ዲስክ የሚጠረግባቸውን ሁለት መንገዶች በመጋዘን ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ፈጣኑ ፎርማት የመጋዘኑን መዝገብ ቀዶ መጣል ነው። የትኛው ጆንያ የት እንዳለ የሚነግር የለም፤ ጆንያው ግን በቦታው ነው። አዲስ ዕቃ እስኪደረብበት ድረስ መልሶ ለማውጣት የተሠራ ሶፍትዌር ሊያገኘው ይችላል። ሙሉው ፎርማት በአንጻሩ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በዲስኩ ላይ ሁሉ ዜሮ ይጽፋል፤ መጋዘኑን ባዶ ማድረግ ማለት ነው።

ልዩነቱ በጥናት ታይቷል። ሁለት የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው መመርመራቸውን ገልጸዋል። ከሠሩት 129 መካከል በአግባቡ የተጠረጉት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ላይ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተገኝተዋል። ትላልቅ ድርጅቶችም ከዚህ አላመለጡም። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ የፋይናንስ ኩባንያ ያረጁ ዲስኮቹን ዳታ የማጥፋት ልምድ ለሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት በመስጠቱና ከዲስኮቹ ከፊሎቹ የደንበኞች መረጃ እንደያዙ በጨረታ በመሸጣቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የያዘ ወገን እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል። የገበሬዎች ስም፣ ስልክና የማሳ መገኛ የዚሁ ዓይነት መረጃ ነው።

ላፕቶፑ የሚቆይ ከሆነ

አንደኛ፣ መዝገቡ በሁለት ቦታ ይገልበጥ። ዴስክቶፕና «ዶክዩመንትስ» ብቻ አይበቁም። ከቴሌግራም የወረዱ ደረሰኞች ብዙ ጊዜ በ«ዳውንሎድስ» ውስጥ ይቀራሉ። ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም ደግሞ ፋይሉን በራሱ ፎልደር ስለሚያስቀምጥ፣ በፕሮግራሙ የባክአፕ ትዕዛዝ ማውጣት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይታይ። ያልተከፈተ ቅጂ ያልተመዘነ ጆንያ ነው። ፓስዎርዶች፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ የምዝገባ ቁጥርና ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ በወረቀት ይጻፉ።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ይውረድ። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታ አስቀድሞ ማውረድ ይመከራል። ከዚህ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተከፈተ ላፕቶፕ ያው ዓይነት ዊንዶውስ ሲጫንበት ብዙውን ጊዜ ፈቃዱን ራሱ ያውቃል፤ እንደገና መግዛት አያስፈልግም። መብራት ቢቋረጥ ሥራው መሐል ላይ እንዳይቀር ባትሪው ሙሉ ይሁን።

አራተኛ፣ ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ማሻሻያውና ፀረ ቫይረሱ፣ ቀጥሎ ፋይሉ ይመለስ። ያልተፈተሸ ቅጂ የሸሸውን ቫይረስ መልሶ ያስገባልና።

ስለ ዊንዶውስ ዓይነትም ማስታወስ ይገባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ይህን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የሚሸጥ ከሆነ

እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ። ብዙ ላፕቶፖች ዲስካቸው «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጠጋኙ የሚጠርገው ዊንዶውስ ያለበትን «ሲ»ን ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሚቆይ ላፕቶፕ ይህ መልካም ነው፤ ለሚሸጥ ግን መዝገቡን በ«ዲ» ላይ አስቀምጦ ማስረከብ ነው።

ዲስኩ የሚሽከረከር የድሮው ዓይነት ከሆነ በሁሉም ክፍል ሙሉው ፎርማት ይደረግ። ብዙ ሰዓት ቢወስድም አንድ ጊዜ በቂ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ ግን ዳታን በየቦታው ስለሚያዘዋውር፣ የአምራቹን ራሱን የማጥፊያ ትዕዛዝ መጠቀም ይሻላል። ተበላሽቶ የማይነሳ ዲስክ ከላፕቶፑ ወጥቶ ቢሰበር እንጂ ለቅራቅንቦ ገዢ መሰጠት የለበትም።

መዝገቡ በስህተት ከተጠረገስ? ላፕቶፑ ወዲያውኑ ይዘጋ፣ አንዳች አዲስ ነገር አይጫንበት። በድሮው ዲስክ ላይ በፈጣን ፎርማት የተጠረገ ፋይል የመመለስ ዕድል አለው። ኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ ግን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ ዲስክ ግን የሚለቀም ነገር አይገኝም። ስለዚህ ደሎ መናም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ላፕቶፑን ለጠጋኝ ከመስጠቱ በፊት ቅጂው የት እንዳለና መከፈቱን፣ ለገዢ ከማስረከቡ በፊት ደግሞ ዲስኩ በየትኛው መንገድ እንደተጠረገ ማወቅ ይኖርበታል።