ሰነዱ የት አለ?

ባለፈው ክረምት ወደ ግሼ ራቤል ዘልቄ ነበር። የአስተናጋጄ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ እንድትጽፍ ታዝዛ ኖሮ፣ በስልኳ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ አቅርባ ያገኘችውን አሳየችኝ። አማርኛው ያማረ ነው። ነገር ግን ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ፈላስፋው ነው ይላል!

ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ፈላስፋው ግን፣ «ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ እንደሚለው፣ በ1599 አክሱም አቅራቢያ ተወልዶ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በዋሻ የተሸሸገ ሰው ነው። ማሽኑ ሁለቱን ለምን አንድ አደረጋቸው? ከብዙ ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምሮ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ስለሚገጣጥም ነው። ወሬውን ከማን እንዳገኘው አይዝም።

በእኛ ዘንድ ሐዲስ ሲነገር «ከማን ሰማህ?» ይባላል። ሰነዱ የተቆረጠ ዘገባ ቃሉ ቢያምርም ደካማ ነው።

የሐተታው ሰነድ ደግሞ ራሱ ያከራክራል። ጽሑፉን በ1850ዎቹ ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ነው። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው አለ። ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በበኩላቸው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገቱ። ማሽኑ ስለዚህ ክርክር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከዚህ የባሰም አለ። ሐተታው ክርስቲያኖችን በምንኩስና፣ ሙስሊሞችን በብዙ ሚስት ማግባትና በባሪያ ንግድ ይነቅፋል። ልጅቷ ሙስሊም መሆኗን ነግራው ስለነበር፣ ማሽኑ ነቀፌታውን ሁሉ ዘልሎ «ፈላስፋው እስልምናን ያደንቅ ነበር» ብሎ ጻፈላት። ይህ አክብሮት ሊባል አይችልም። የተነቀፈ ሰው ነቀፌታውን ሰምቶ መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ማሽኑ ይህንን መብት ነጠቃት። ለሞተው ደራሲም ያላለውን አሸከመው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ልተወው?» አለችኝ። «ጠይቂው፤ ነገር ግን ምስክር አታድርጊው» አልኳት። ማሽኑ ያለውን ከታተመው የሐተታው ትርጉም ጋር ታመሳክር፣ ክርክሩንም ትጻፍ፣ በነቀፌታው ካልተስማማችም መልሷን በራሷ ቃል ታስፍር። መምህራንም ከተማሪው ድርሰት ውበት በፊት ሰነዱን ይጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።