የታመመ ሕፃንን ማጽናናት በልምምድ ይገኛልን?



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጃቸው በካንሰር ሲያዝባቸው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ከሕክምናው መልስ ግን ሕፃኑ የሚተኛው በቤቱ፣ በጎረቤትና በምእመናን መካከል ነው። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ ለሕፃናት የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ (ፓሊዬቲቭ ኬር) የልጁን አካል፣ አእምሮና መንፈስ መንከባከብ፣ ቤተሰቡንም መደገፍ ነው። የሚጀመረውም ደዌው በታወቀ ጊዜ እንጂ በመጨረሻው ሰዓት አይደለም። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ አገልግሎት ተሠማርቷል።

የነርስ ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይማረውም፤ በሚያጣጥር ሕፃን አልጋ አጠገብም እየተሳሳተ ሊለማመድ አይገባውም። ሲሙሌሽን የተባለው ዘዴ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በሕፃኑ ፈንታ አሻንጉሊት ይተኛል፤ አንዲት ሴት እናቱን ሆና፣ «ሲስተር፣ ልጄ ይድናል?» ብላ ትጠይቃለች። ተማሪዋ መመለስ አለባት። ከዚያም ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብላ የተናገረችውንና ዝም ያለችበትን ትመረምራለች፤ ዋናው ትምህርትም ይህ ምርመራ ነው። ጤነኛን ሰው እንደ በሽተኛ አድርጎ ማስተማርን በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀመረው ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ ነበር።

«ማስመሰል ግብዝነት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ግብዝ የሚያስመስለው ሊያታልል ነው፤ እዚህ ግን የሚታለል የለም። እንዲያውም ልምምዱ እውነትን በፍቅር ለመናገር ያዘጋጃል። እኛ መርዶን በጥንቃቄ የምንናገር ሕዝብ ነን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ከወላጆቹ ፊት ብዙ ያነባል፤ ሁሉም ዝም ሲሉት በፍርሃቱ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ አስቀድሞ የሚያውቀውንና የሚፈራውን መጠየቅ፣ ከዚያም በዕድሜው ልክ መመለስ ይገባል።

ሕመምን ማስታገስም የእምነት ጉድለት አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1957 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ይህ የተፈቀደ መሆኑን አስተምረዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁጥር 2279) እንዲህ ያለውን እንክብካቤ እንደ ልዩ የፍቅር ሥራ ያበረታታል። ስለዚህ ሐኪም ሞርፊን ቢያዝዝ፣ «ስቃዩን ለእግዚአብሔር ያቅርበው» ብለን ቤተሰቡን አናስጨንቅ።

ለልምምድ፦ ሦስት ሆናችሁ፣ አንዱ ሕፃን፣ አንዱ እናት፣ አንዱ ጠያቂ ይሁን። ሕፃኑ፣ «እሞታለሁ እንዴ?» ይበል። ከዚያ ተወያዩ፦ ጠያቂው አዳመጠ ወይስ ለመምከር ቸኮለ? ጸሎቱስ ልጁን አጽናና ወይስ ጥያቄውን ለመሸሽ ዋለ?