ሁለት ሆኖ አንድ ሜዳ መጠበቅ፦ ስለ ባልና ሚስት የሥራ ትብብር

መግቢያ

ለጋብቻ የሚዘጋጁ ወጣቶችን ስናስተምር ስለ ፍቅር፥ ስለ ታማኝነትና ስለ ልጆች አስተዳደግ በስፋት እንናገራለን። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቃል ኪዳናቸውን አክብረው የሚኖሩ፥ እርስ በርሳቸውም የሚዋደዱ ባልና ሚስት አንድ ሥራ አብረው ሲጀምሩ ሲጋጩ እናያለን። «ይህ የማን ሥራ ነበር? ሳትነግረኝ ለምን ተበደርህ? ሠራተኞቹ ነገ እንደሚገቡ ለምን አላሳወቅኸኝም? ምነው በነገሩ ጣልቃ ገባሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ከፍቅር ማነስ የሚመጡ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ አብሮ የመሥራትን ዘዴ ካለመማር የሚመጡ ናቸው። አብሮ መሥራት ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው።

በአብደራፊና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። የሰሊጥ ፍሬ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየበሰለ ይሄዳል። ተክሉ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የአጨዳው ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ቀድመው ቢያጭዱት የላይኛው ፍሬ ገና አልጎመራም፤ ቢዘገዩ ደግሞ የታችኛው ፍሬ መያዣ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። እንግዲህ የዓመቱ ድካም የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በእነዚያ ቀናት ባልና ሚስት ተባብረው ካልቆሙ ጉዳቱ በሰሊጡም በትዳሩም ላይ ይደርሳል።

1. ከጨዋታ ስለ መማር

ሀገራችን በዓለም የታወቀችው በሩጫ ነው። ከታላላቅ ሯጮቻችንም መካከል ባልና ሚስት የሆኑ አሉ። በሲድኒ ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 2000) በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ገዛኸኝ አበራና የማራቶን ሯጯ እልፍነሽ ዓለሙ፥ እንዲሁም ጥሩነሽ ዲባባና ስለሺ ስህን ይጠቀሳሉ። በቤይጂንግ ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 2008) ጥሩነሽ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳልያዎችን፥ ስለሺ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኙ፤ በዚያው ዓመትም ተጋቡ። ነገር ግን በሩጫ እያንዳንዱ በራሱ እግር ይሮጣል፤ የአንዱ ድካም የሌላውን ሰዓት አያዘገየውም።

በጥንድ በሚደረግ ጨዋታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በከተሞቻችን የሚታወቀው የጠረጴዛ ቴኒስ ሁለት ለሁለት ሲሆን አጋሮቹ ኳሷን በየተራ መምታት ግድ ይሆንባቸዋል፤ አንዱ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የአጋሩን ተራ ሊወስድ አይፈቀድለትም። የዚሁ ዘመድ የሆነና በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት እጅግ የተስፋፋ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ስሙም ፒክልቦል ይባላል። ባልና ሚስት በአንድ ወገን ቆመው ስለሚጫወቱት ለትምህርታችን የተመቸ ምሳሌ ነው።

2. የጨዋታው አመጣጥና ሥርዓት

በ1957 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1965) በሲያትል ከተማ አጠገብ በምትገኘው የቤይንብሪጅ ደሴት፥ ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል የተባሉ ጓደኛሞች ሥራ ፈትተው የተሰላቹ ቤተ ሰቦቻቸውን የሚያጫውት ነገር ፈለጉ። በግቢው አሮጌ የባድሜንተን ሜዳ ነበረ፤ የተሟላ መሣሪያ ግን አልነበረም። ስለዚህ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ይዘው ጀመሩ፤ መረቡንም ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ባርኒ ማካለም የተባለ ወዳጃቸውም ተጨምሮ ሕጎቹን አብረው አወጡ። ዓላማቸው ልጅና አዋቂ፥ ወንድና ሴት በአንድነት የሚጫወቱት ነገር ማግኘት ነበር።

ሜዳው 13.4 ሜትር ርዝመትና 6.1 ሜትር ስፋት አለው። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 11 ነጥብ ሲሆን፥ ለማሸነፍ በ2 ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል። ከመረቡ ግራና ቀኝ በእያንዳንዱ ወገን 2.13 ሜትር ስፋት ያለው ክልል ተሰምሯል፤ በዚህ ክልል ቆሞ መሬት ያልነካችውን ኳስ በአየር ላይ መምታት ክልክል ነው። ተጫዋቾች ይህን ክልል «ወጥ ቤት» ይሉታል። ስሙ ወጥ ቤት ስለሆነ ግን ለሴቶች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሕጉ ሁለቱን አጋሮች እኩል ይገዛቸዋል።

3. አምስት ትምህርቶች

ሀ. በመካከል የምትመጣው ኳስ። ሁለቱ አጋሮች ሜዳቸውን ለሁለት ተካፍለው ይቆማሉ። ወደ ቀኝ የመጣችው የአንዱ፥ ወደ ግራ የመጣችው የሌላው መሆኗ ግልጽ ነው። ችግሩ በመካከል የምትመጣዋ ናት። ወይ «እሷ ትመታዋለች፤ እሱ ይመታዋል» በማለት ሁለቱም ይተዉአታል፤ ወይም ሁለቱም ይሮጡና መምቻቸው ይጋጫል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋቾች የመካከሏን ኳስ ማን እንደሚመታ ጨዋታው ሳይጀመር ይስማማሉ፤ በጨዋታውም ጊዜ «የእኔ!» ወይም «ያንቺ!» እያሉ ድምፃቸውን ያሰማሉ።

በአጨዳ ወቅትም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት እርሻውን መጠበቅ የባል፥ የሠራተኞቹን ምግብና ውሃ ማዘጋጀት የሚስት ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ ለሠራተኛ ቀብድ መስጠት፥ ከነጋዴ መበደር፥ ሰሊጡን ዛሬ መሸጥ ወይም ዋጋ እስኪሻሻል ማቆየት፥ ለሚመጣው ዓመት ዘር ማስቀረት የማን ናቸው? እነዚህ በመካከል የሚመጡ ኳሶች ናቸው። የሀገራችንም ሕግ በዚህ ላይ ተናግሯል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተ ሰቡ ራስ ተብሎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተ ሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው፥ የጋራ ሀብታቸውንም በጋራ እንደሚያስተዳድሩ ደንግጓል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥቷል። ሕጉ መብቱን ይሰጣል፤ ስምምነቱን ግን ባልና ሚስቱ ራሳቸው ቁጭ ብለው፥ አጨዳው ሳይደርስ ማድረግ አለባቸው።

ለ. አብሮ መንቀሳቀስ። አሠልጣኞች ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ገመድ እንደ ታሰሩ ሆነው እንዲንቀሳቀሱ ያስተምራሉ። አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላውም ወደ ግራ ይጠጋል፤ ወደ መረቡም ሲቀርቡ አብረው ይቀርባሉ። አንዱ ፊት ሌላው ኋላ ከቀረ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ተጋጣሚም ኳሷን የሚልከው ወደዚያ ነው።

ባል ማሳውን አይቶ «ከሦስት ቀን በኋላ ይታጨዳል» ብሎ ከወሰነ ይህ ውሳኔ የሚስትንም ሥራ ወዲያው ያንቀሳቅሰዋል። እህሉ መፈጨት፥ ሊጡ መቦካት፥ ውሃው መቀዳት አለበት። ሃያ ሠራተኞች ማለዳ መጥተው የሚቀምሱት ነገር ካጡ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳሉ፤ ሰሊጡ ግን አይጠብቅም። እንዲሁም ሚስት ዱቄቱ ሊያልቅ መሆኑን አስቀድማ ካላሳወቀች ባል ሠራተኛ ከቀጠረ በኋላ ገበያ ሊወጣ ይገደዳል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ በሂላ ከቆመ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል እስኪደርቅ ድረስ ጥበቃ፥ ከዚያም በሸራ ላይ ማራገፍ አለ። በእያንዳንዱ ደረጃ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ማወቅ ይገባዋል።

ሐ. ኳሷ መሬት እስክትነካ መታገሥ። የ«ወጥ ቤቱ» ሕግ የተጫዋቹን ችኮላ ይገታል። መረቡ አጠገብ ቆሞ የመጣችውን ሁሉ በኃይል መደብደብ ቢፈቀድ ጨዋታው የጉልበተኛ ብቻ በሆነ ነበር። በቤትም ውስጥ እንዲህ ያለ ክልል ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በቆላው ሐሩር የዋለ ባልና በእሳት ፊት የዋለች ሚስት ማታ ሲገናኙ የመጀመሪያዋ ቃል ሸካራ ልትሆን ትችላለች። ያችን ቃል በአየር ላይ ተቀብሎ መመለስ ጠብ ይወልዳል። መጀመሪያ እግር መታጠብ፥ እህል መቅመስ፥ ጥቂት ማረፍ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ተሰበረው፥ ስለ ጠፋውና ስለ ጎደለው መነጋገር ይሻላል። ነገሩ አይቀርም፤ ጊዜው ብቻ ይለወጣል።

መ. ሁለተኛው ተራ። በጥንድ ፒክልቦል አንዱ አጋር ኳሷን የማስጀመር ተራውን ቢያጣ ተራው ወዲያው ለተጋጣሚ አያልፍም፤ ከጨዋታው የመጀመሪያ ተራ በስተቀር ሁለተኛው አጋር በፋንታው ያስጀምራል። ኳሷን የሚያስጀምረውም አስቀድሞ በተለመደው አቈጣጠር ሦስት ቍጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፦ የራሱን ወገን ነጥብ፥ የተጋጣሚን ነጥብ፥ ራሱም የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው አስጀማሪ መሆኑን። ስለዚህ ሁለቱም ሒሳቡን ሁልጊዜ ያውቁታል።

ይህ ለቆላው ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወባ የሚበረታበት ጊዜና የሰሊጥ አጨዳ ይገጥማሉ፤ ካላዛርም በዚሁ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። ባል በትኩሳት ተይዞ ቢተኛ ሚስት ስንት ሠራተኛ እንደ ተቀጠረ፥ ለማን ስንት ብር ቀብድ እንደ ተሰጠ፥ ከየትኛው ነጋዴ ጋር ምን ውል እንደ ተደረገ ታውቃለችን? እሷስ ብትታመም እሱ የእህሉን ልክ፥ የዕቃውንና የልጆቹን ነገር ያውቃልን? ሒሳቡ በአንድ ሰው ልብ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ያ ሰው ሲወድቅ ቤቱ አብሮት ይወድቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ደብተር፥ በየምሽቱም ጥቂት ደቂቃ። ማንበብ የማይችል ቢኖር ተማሪው ልጅ ያንብብለት።

ሠ. የደከመውን አጋር መያዝ። ተጋጣሚዎች ከሁለቱ አጋሮች ማን እንደሚደክም ካወቁ ኳሷን ደጋግመው ወደ እርሱ ይልካሉ። ብርቱው በዚህ ጊዜ ሁሉንም ኳስ ልምታ ብሎ ቢሮጥ የራሱን ወገን ባዶ ይተዋል፤ አጋሩም ልምድ ሳያገኝ ይቀራል። ከዚህም የከፋው ኳስ በተሳተ ቁጥር አጋርን መገሠጽ ነው፤ የተገሠጸ ሰው የሚቀጥለውን ኳስ በፍርሃት ይመታልና። ልምድ ያላቸው ጥንዶች በጨዋታ መካከል አይተራረሙም፤ «አይዞሽ፥ የሚቀጥለው» ብለው ያልፋሉ፤ ምክሩን ከጨዋታ በኋላ ያደርጉታል። ሚስትን በሠራተኞች ፊት ማዋረድ፥ ወይም ባልን በጎረቤት ፊት ማሳጣት የራስን ወገን ማዳከም ነው።

4. የምሳሌው ወሰን

ምሳሌ ሁሉ ወሰን አለው። በጨዋታ ከመረቡ ማዶ ተጋጣሚ ይቆማል። በትዳር ግን ባልና ሚስት ከመረቡ በአንድ ወገን ያሉ ናቸው፤ ተጋጣሚያቸው የሚያልፈው ጊዜ፥ በሽታው፥ የገበያው መዋዠቅ ነው። ብዙ ቤት የሚፈርሰው ባልና ሚስት ይህን ረስተው መረቡን በመካከላቸው ሲዘረጉ ነው።

ደግሞም ድብደባና ፍርሃት ባለበት ቤት ይህ ትምህርት ብቻውን አይበቃም። እጁን የሚያነሣ ሰው «አልተግባባንም» በማለት ሊሸሸግ አይገባውም። እንዲህ ባለ ጊዜ መምህራን የተበደለችውን «ታገሺ» ብለው ብቻ አያሰናብቷት፤ አስቀድሞ ደኅንነቷ ይጠበቅ፥ የሽማግሎችና የሕግ እርዳታም ይፈለግላት። የሥራ ትብብር የሚጀምረው መከባበር ባለበት ነው።

ማጠቃለያ

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ድሩ የሚያብረው ግን አንዱ ክር ከሌላው ጋር በሥርዓት ሲፈተል ነው። የጋብቻ ቃል ኪዳን አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየዕለቱ በማሳና በማጀት፥ በብድርና በሽያጭ፥ በጤናና በሕመም ይፈጸማል። የመካከሏን ኳስ አስቀድሞ መስማማት፥ አብሮ መንቀሳቀስ፥ መታገሥ፥ ሒሳብን መካፈልና የደከመውን ማበርታት ለማንም ቤት የማይከብዱ ነገሮች ናቸው። ጳጉሜን ከማለፏና አጨዳው ከመድረሱ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ ንግግር ብቻ ብትሰጡ ጥቅሙን በሸራው ላይ ታዩታላችሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ «በመካከል የሚመጡ ኳሶች» የትኞቹ ናቸው? ሦስቱን ጥቀሱ፤ እያንዳንዱን ማን እንዲይዘው ተስማምታችኋል?

2. ከሁለታችሁ አንዱ ነገ ቢታመም ሌላው ሥራውን ለመቀጠል ምን ምን ማወቅ ይጎድለዋል?

3. ባለፈው አጨዳ የተጋጫችሁበት ጉዳይ ምን ነበር? የተነጋገራችሁትስ በምን ሰዓት፥ በማን ፊት ነበር?

4. ለመምህራን፦ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶች በአንድነት አንድ አነስተኛ ሥራ ሠርተው እንዲያሳዩ አድርጉ፤ ከዚያም በሥራው ጊዜ ማን እንደ ተናገረ፥ ማን እንደ ሰማ፥ ማንስ እንደ ወሰነ አብራችሁ መርምሩ።