ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ፦ በእግር የሚነበብ ታሪክ

በዛሬው ጽሑፌ በአንድ እሑድ፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ እየተዝናኑ ታሪክ የሚማሩበትን መንገድ አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስሕተቴን ልናገር። በኅብረተሰብ ትምህርት ፈተና ላይ «የካቲት 12 ምን የተፈጸመበት ቀን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ «የአድዋ ድል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም የካቲት ስለሆኑ ተምታቱብኝ። ወረቀቱን ለአያቴ ሳሳያቸው አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ቆዩና «እሑድ ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ፤ እንወጣለን» አሉኝ።

1ኛ. ስድስት ኪሎ

በጠዋት በታክሲ ስድስት ኪሎ ወረድን። አደባባዩ መሐል የቆመው ረጅም ሐውልት የሰማዕታት ሐውልት ነው። በዚህ በኩል ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ቀና ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። የጭፍጨፋው ምስል ተቀርጾበታል።

አባባ እንዲህ አስረዱኝ፦ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ገዥ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወርውረው አቆሰሉት። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ለሦስት ቀን ሕዝቡን ጨፈጨፉ፤ ቤቱንም በእሳት አቃጠሉ። ያለቀው ሕዝብ 30 ሺህ ያህል እንደሆነ ይነገራል።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የአባቴ ታላቅ ወንድም በዚያን ቀን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። መቃብሩ የት እንዳለ አናውቅም። ስለዚህ እኔ እርሱን የማስበው እዚህ ነው» አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከቀረብኝ ማርክ ይልቅ መልሴ አሳፈረኝ። እዚያው አጠገብ ያለውን የካቲት 12 ሆስፒታልንም ስሙን ሁልጊዜ እንጠራዋለን፤ ለምን እንደተባለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ገነተ ልዑል ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሙዚየምም አለው። ከሕንጻው ፊት ለፊት ወደ ላይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል! ይህን ሳይ ሳቄ መጣ። አባባም ሳቁ።

2ኛ. አምስት ኪሎ

ቁልቁለቱን በእግራችን ወረድን። ጥላ ሥር አረፍ ብለን የያዝነውን ዳቦ በላንና ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። እዚያ የድንቅነሽ (ሉሲ) አጽም ቅጂ አለ፤ እውነተኛው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ድንቅነሽ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቁመቷ ከእኔም ያንሳል!

3ኛ. አራት ኪሎ

መጨረሻ ላይ የድል ሐውልቱ ጋ ደረስን። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አባባ «አየሽ፣ ከላይ ኀዘኑ፣ ከታች ድሉ። መንገዱን የሄደበት ሰው አይምታታበትም» አሉኝ። እውነትም ከዚያ ወዲህ ተምታቶብኝ አያውቅም።

እናንተም ስትሄዱ፦
• ከትልቅ ሰው ጋር ሂዱ፤ አስፋልት ስትሻገሩ ተጠንቀቁ።
• ውኃ፣ ዳቦ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ያዙ።
• ሐውልት ላይ አትውጡ፤ ስማችሁንም አትጻፉበት።
• ቤት ስትመለሱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ይነግሯችኋል።

ለማስታወስ፦
የካቲት 23 ቀን 1888 — የአድዋ ድል
የካቲት 12 ቀን 1929 — የሰማዕታት ቀን
ሚያዝያ 27 ቀን 1933 — የአርበኞች የድል ቀን

ጥያቄ፦ በአድዋ ድልና በሰማዕታት ቀን መካከል ስንት ዓመት አለ? መልሱን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። በትክክል የመለሱ ልጆች ስም በሰልፍ ሰዓት ይነበባል።

ቸር እንሰንብት!