«አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ብሎ ከመፈረም በፊት

በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ውሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠፋ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ገዢው ቤቱን አይቶና ወድዶ መግዛቱን የሚያረጋግጠው። ውል ጸሐፊው ከቀድሞ ውል ገልብጦ ያስገባዋል፣ ገዢውም ሐሳቡ ዋጋውና የክፍያው ቀን ላይ ስለሆነ ሳያስተውለው ይፈርማል። ግድግዳው የተሰነጠቀ ዕለት ግን የሻጩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2005 ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል የተሟላ ማስረጃ እንደሚሆን ስለሚደነግግ፣ «እንዲያው ለወጉ ነው የፈረምኩት» የሚለው መልስ ሩቅ አያስኬድም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን የሚያይላችሁን መሐንዲስ ስትመርጡ የምትመርጡት የነገ ማስረጃችሁን ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሽያጩ ቢፈጸምም ቢቀርም የማይጠቀምና የማይጎዳ መሆን አለበት።

ከሕጉ እንነሳ። በአንቀጽ 2875 መሠረት የሽያጭ ጠቅላላ ደንቦች ለቤት ሽያጭም ያገለግላሉ፤ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎችም ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ያደርጉታል። ዋስትናው ግን ወሰን አለው። ገዢው ውሉን ሲዋዋል የሚያውቀው ጉድለት፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችል ግልጽ ጉድለት፣ ሻጩን አያስጠይቅም። በተቃራኒው ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ፣ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው የውል ቃል ቢኖር እንኳ አያድነውም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፤ የክርክሩም ጭብጥ «ግልጽ የነበረው ምንድን ነው? ለማን ዓይን?» የሚል ይሆናል።

በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይህ ጥያቄ መሬቱን ይነካል። በለቡ፣ በጀሞና በላፍቶ ብዙ ቦታዎች ቤቱ የቆመው በክረምት ውኃ ጠጥቶ በሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ በሚሰነጠቅ ጥቁር የመረሬ አፈር ላይ ነው። መሠረቱ ከዚህ አፈር አልፎ ካልወረደ፣ ወይም አፈሩ ተነሥቶ በሌላ ካልተተካ፣ ቤቱ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል፣ በሩ አልገጥም ይላል፣ የሽንት ቤት ቧንቧ ከመሬት በታች ይላቀቃል። አንድ እጅ ቀለም ይህን ሁሉ ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል። ጥር ላይ ቤት የሚያይ ገዢ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ምንም አይማርም፤ ነሐሴ ላይ የሚያይ ደግሞ የበጋው ስንጥቅ ገጥሞ ሊያገኘው ይችላል። ልምድ ያለው መሐንዲስ መሠረቱ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩንና የመሠረቱን ጥልቀት ያያል፣ ኮንክሪቱን ሽሚት ሐመር በተባለው መሣሪያ እየመታ ጥንካሬውን ይለካል፣ ኮርኒስ አስከፍቶ የጣሪያውን እንጨት ይፈትሻል፣ የሴፕቲክ ታንኩን ቦታ ይጠይቃል። ቤቱን ቆሞ በማየት የማይታይ ነገር በዚህ ምርመራ ሲገኝ፣ ሪፖርቱ ጉድለቱ ለተራ ሰው ዓይን ስውር እንደነበረ ጭምር ይመሰክራል።

ታዲያ ማንን እንምረጥ? በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ለቤት መርማሪ የተለየ ፈቃድ ይሰጣሉ። እኛ ዘንድ ሥራውን የሚሠራው የሙያ ምዝገባ ያለው ሲቪል መሐንዲስ ወይም አማካሪ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ምዝገባውንና የንግድ ፈቃዱን፣ እንዲሁም የታደሰበትን ዓመት ማየት መብታችሁ ነው። ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ነፃነቱ ነው። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ስለሆነ፣ «የማውቀው ጎበዝ መሐንዲስ አለ» ሲላችሁ አመስግኑትና ሌላ ፈልጉ። ቤቱን የነደፈው ወይም የሠራው ባለሙያም የራሱን ሥራ አይመረምርም። ክፍያው ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ፣ ወይም «ቤቱን ከገዛችሁ በኋላ ትከፍሉኛላችሁ» የሚል ከሆነ ያው ድለላ ነው።

«የባንኩ ኢንጂነር አይቶታል እኮ» የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይነሣል። አይቶታል፤ ግን ለባንኩ ነው። የእሱ ሥራ ብድሩ ባይመለስ ቤቱ ስንት ብር እንደሚያወጣ መገመት ነው፤ እናንተ የእሱ ደንበኛ አይደላችሁም፣ ሪፖርቱንም ላታገኙት ትችላላችሁ። ውሉን የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤትም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የፈራሚዎቹን ማንነትና የሻጩን ባለቤትነት ያጣራል እንጂ የቤቱን ምሰሶ አያይም። የግንባታ ፈቃድ መኖሩም ብቻውን አያጽናናችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ከሁለት ፎቅ በታች ያለውን የግል መኖሪያ ቤት ቁጥጥሩ ቀለል በሚልበት ምድብ «ሀ» ውስጥ ነበር ያስቀመጠው፤ የብዙዎቻችን ቤት ማለት ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ያወቅሁት ጉድለት ዋስትናዬን የሚያስቀርብኝ ከሆነ ባላውቀው አይሻልም ወይ? አይሻልም። ያወቃችሁት ጉድለት ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይም ሻጩ በዚህ ቀን አስጠግኖ እንዲያስረክብ በውሉ ይጻፋል፣ ወይም ከግዢው ያስወጣችኋል፤ በእጅ ያለ መደራደሪያ ነው። ያላወቃችሁት ጉድለት የሚያመጣው ክስ ነው፤ በክሱም ሻጩ «ግልጽ ነበር» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። መሐንዲሱ ፈትሾ ያላገኘውን ነገር ግልጽ ነበር ማለት ግን ለሻጩም ይከብደዋል። ሪፖርቱ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ «አይቼና ወድጄ» የሚለውም ዐረፍተ ነገር «በዚህ ቀን በተጻፈው ሪፖርት በተገለጸው ሁኔታ» በሚል ይታረም።

ሻጩ ተጣድፎ «ሌላ ገዢ አለኝ፣ ቀብድ ካልሰጣችሁ አልጠብቅም» ቢልስ? ይህ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ገበያው ያውቀዋል። ነገር ግን የቀብድ ደንብ ጨካኝ ነው፤ በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። ስንጥቅ አይታችሁ ብትሸሹ የምታጡት እናንተ ናችሁ። መፍትሔው በቀብዱ ውል ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ መጨመር ነው፤ ገዢው በመረጠው መሐንዲስ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ያስመረምራል፣ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ይህን እንቢ የሚል ሻጭ ምክንያቱን ቢጠየቅ አይከፋም።

መሐንዲስ የማያየውም አለ። በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በዚሁ ክፍለ ከተማ በሀና ማርያም አካባቢ ሕገ ወጥ ተብለው ከፈረሱት ቤቶች መካከል ግድግዳቸው የጸና ይኖርባቸዋል፤ የጎደላቸው የይዞታ መብት ነበር። ካርታውን፣ እዳና እገዳውን፣ ቤቱ ከጸደቀው ፕላን ጋር መገጣጠሙን ከክፍለ ከተማው ማጣራት የጠበቃ ሥራ ነው። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚገዛም ጣሪያው፣ ደረጃውና ፍሳሹ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ብሎኩን ጭምር ያስመረምር።

ከመሐንዲሱ ጋርም ውል ይኑራችሁ፤ ምን እንደሚመረምር፣ ምን እንደማይመረምር፣ ፎቶግራፍ ያለበትና በፊርማውና በማኅተሙ የተረጋገጠ ሪፖርት መቼ እንደሚሰጥ ይጻፍበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ተላልፎ ላደረሰው ጉዳት ያስጠይቀዋል፤ ነገር ግን የቃል አስተያየት የሰጠ ሰው ለመክሰስ አይመችም፣ የጻፈ ግን ይመቻል። ቤቱ አዲስ ከሆነ ተቋራጩ በአንቀጽ 3039 ለ10 ዓመት የሥራውን ጽናት የሚያረጋግጥበት ዋስትና ስላለ፣ ሻጩ ይህን መብቱን ለእናንተ ማስተላለፉ በውሉ ይገለጽ። ቤቱን ስትረከቡም ያው መሐንዲስ ከሪፖርቱ ጋር እያስተያየ እንዲያይ አድርጉ። አዲስ ጉድለት ከወጣ ለሻጩ ሳትዘገዩ አስታውቁ፤ ስልክ መደወል አይበቃም፣ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ወይም ሪኮማንዴ ይሁን። ሻጩ ሆን ብሎ ካላታለላችሁ በቀር፣ በዋስትናው ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ ካስታወቃችሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው።