«ትራክ ይዣለሁ» ሲባል የማን ትራክ ነው?

አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ «አሁን የራሴን ትራክ ይዣለሁ» ሲል ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ ሰፈሩም በአንድ ቀን ይሰማል። ይሁን እንጂ ይህች አባባል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ልትሸፍን ትችላለች። ተቀጥሮ የኩባንያ መኪና መንዳት አንዱ ነው። መኪናውን በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ብድር ገዝቶ መሥራት ሌላው ነው። ሦስተኛውና የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ሊዝ ኦፕሬተርነት ነው። (ሊዝ ሲባል እኛ ሀገር ቶሎ ትዝ የሚለን መሬት ነው። የትራኩ ሊዝ ግን በየሳምንቱ የሚከፈል ነው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሹፌሩ መኪናውን የሚከራየው ብዙ ጊዜ ጭነት ከሚሰጠው ከዚያው ኩባንያ ወይም ከእህት ድርጅቱ ነው። ውሉን ከፈረመ ጀምሮ ተቀጣሪነቱ ይቀርና በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ ይባላል። የመኪናው ኪራይ፣ ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማውና ጥገናው ከገቢው ተቀንሶ የተረፈው ይሰጠዋል። ውሉ ሲያልቅ እንደ ስምምነቱ መኪናውን ይመልሳል ወይም ቀሪውን ከፍሎ በስሙ ያዞረዋል። ብዙዎችን የሚስበው ደግሞ አገባቡ ቀላል መሆኑ ነው። «ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ ክሬዲት አይጠየቅም» የሚል ማስታወቂያ፣ ሀገሩን ገና ለገባና ባንክ ብድር ለማይሰጠው ሰው ትልቅ በር ይመስላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። ተቀጣሪው በማይል 60 ሳንቲም ያገኛል እንበል፤ ናፍጣ አይመለከተውም። ሊዝ ኦፕሬተሩ በማይል 1 ዶላር ከ80 ያገኛል። ሲሰሙት ሦስት እጥፍ ነው! ግን መኪናው በአንድ ጋሎን 6 ማይል ቢሄድና ጋሎኑ 3 ዶላር ከ60 ቢሆን ናፍጣ ብቻ በማይል 60 ሳንቲም ይወስዳል። ለጥገና የሚያዘው ደግሞ 10 ሳንቲም ይሁን። በእጁ የሚቀረው 1 ዶላር ከ10 ነው። ከዚህ ላይ ቢሠራም ባይሠራም በየሳምንቱ 900 ዶላር የመኪና ኪራይና 300 ዶላር ኢንሹራንስና ሌላ ሌላው ይነሳል።

በሳምንት 3,000 ማይል ከነዳ 2,100 ዶላር ይተርፈዋል፤ ተቀጣሪው 1,800 ያገኛል። 2,400 ማይል ሲሆን ሁለቱም እኩል 1,440 ይደርሳቸዋል። 1,500 ማይል ብቻ ከተገኘ ሊዝ ኦፕሬተሩ 450፣ ተቀጣሪው 900 ነው። መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሳምንቱን ከዋለ አንደኛው ባዶ እጁን ሲቀር ሌላው 1,200 ዶላር ዕዳ ይገባል። በዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከሚከፈለው ግብር የተቀጣሪውን ግማሽ አሠሪው ይከፍልለታል፤ ተቋራጩ ግን 15.3 በመቶውን ብቻውን ይሸከማል። በጥሩው ሳምንት ከታየው የ300 ዶላር ብልጫ ግማሽ ያህሉ በዚሁ ይሄዳል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው በማይሉ ብዛት ላይ ነው። ማይሉን የሚሰጠው ማነው? ዲስፓቸሩ! ይኸውም ኪራይ ተቀባዩ ኩባንያ ነው። ሹፌሩ የባለንብረት ኪሳራ ተሸክሞ የባለንብረት ሥልጣን የለውም፤ ብዙዎቹ ውሎች ያንኑ መኪና ይዞ ለሌላ ኩባንያ መሥራትን ይከለክላሉ። የጎደለውን ማይል ሌሊት ነድቼ እሞላለሁ እንዳይል የፌዴራሉ ሕግ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትን አይፈቅድም። ዕቃ ለማራገፍ መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ የሚቆምበት ጊዜም ከ14ቱ የሥራ ሰዓት ይቆጠርበታል። መሀል ላይ ካቃተው መኪናው ተመልሶ ለሌላ ሹፌር ይከራያል፤ እስከዚያ የከፈለው ግን አይመለስም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጠኛ ብሬት መርፊ በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደቦች ስለሚሠሩ ሹፌሮች የምርመራ ዘገባ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደቦቹ አሮጌ መኪኖችን ማገድ ሲጀምሩ ኩባንያዎች የአዲሶቹን ዋጋ በሊዝ ውል ወደ ሹፌሮቹ አዞሩት። የሳምንት ገቢው 67 ሳንቲም የሆነ ሹፌር ሁሉ ተገኝቷል። መርፊ ከቃለ መጠይቅ ሌላ የፍርድ ቤት መዝገብና የክፍያ ወረቀት አገላብጧል። እኛ ብንሆን ኖሮ አንድ ስኬታማ ሹፌር አነጋግረን፣ ፎቶ አንስተን «በትጋቱ የትራክ ባለቤት ሆነ» ብለን እንዘጋው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ጉዳዩ መንግሥት ዘንድም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት የተቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት፣ ሊዝ-ግዢ የሚባለው አሠራር በሕግ እንዲታገድ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል። የውሳኔ ሐሳብ ግን ሕግ አይደለም። ለጊዜው ሹፌሩን የሚረዳው ክፍል 376 የሚባለው የቆየው የፌዴራል ደንብ ነው። በእሱ መሠረት ከክፍያ የሚቀነስ ነገር ሁሉ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። በመያዣ የተቀመጠ ገንዘብም ውሉ በፈረሰ በ45 ቀን ውስጥ፣ ተቀናሹ ተሰልቶ፣ ቀሪው መመለስ አለበት።

ታዲያ ማንም አይግባበት ማለቴ ነው? አይደለም። ቢያንስ አንድ ዓመት ተቀጥሮ የነዳ፣ ሥራው በየትኛው ወር እንደሚቀዘቅዝ ያየ፣ የሦስት ወር ወጪውን በባንክ ያስቀመጠ ሰው ሊያዋጣው ይችላል፤ በተለይ ያለ ቅጣት መመለስ የሚፈቅድ አጭር ውል ካገኘ። ያ ገንዘብ ያለው ሰው ግን በራሱ አሮጌ መኪና ቢገዛ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ አለኝ። ገንዘብም ልምድም የሌለው ደግሞ፣ ማስታወቂያው የተጻፈው ለእሱ ቢሆንም፣ መፈረም የለበትም።

ዘመድ ያለው ተማሪ ስልክ ሲደወልለት «እንኳን ደስ አለህ» ከማለቱ በፊት መጠየቅ የሚችላቸው ጥያቄዎች አሉ። ውሉን ቤት ወስደህ እንድታነብ ፈቀዱልህ ወይስ እዚያው ፈርም አሉህ? መኪናው ቢሰበር የኪራዩ ቆጠራ ይቆማል? ብታቋርጥስ ምን ያህል ይጠይቁሃል? ከሁሉም በላይ ግን፣ እዚያው ኩባንያ በሊዝ የሚሠራ ሌላ ሹፌር ያለፉትን 12 ሳምንታት የክፍያ ወረቀቶች ያሳየው እንደሆነ ይጠይቀው፤ ጥሩ ጥሩዎቹን መርጦ ሳይሆን 12ቱንም በተርታ።